ዓሣ የሚያበላልኝ ማሽን፦ የ8 ወር ትዝብት

ይህን ማሽን የገዛሁት ሰንፌ አይደለም። ባለቤቴ በዚህ አትስማማም፤ ቢሆንም እውነቱ ይህ ነው። የገዛሁት አንቲያስ የሚባሉት ዓሣዎቼ ዓይኔ እያየ ስለከሱብኝ ነው።

ቤቴ ውስጥ 400 ሊትር የሚይዝ የባሕር ውሃ አኳሪየም አለኝ። ከኮራሎቹ (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው ከሚኖሩት የባሕር እንስሳት) ሌላ 5 አንቲያስ፣ ጥንድ ክላውንፊሽ፣ ማንዳሪን የሚባል አንድ ዓሣና አንድ ሌባ ሽሪምፕ ይኖሩበታል። ስለ ሌባው በኋላ እመለሳለሁ።

አንቲያስ ባሕር ውስጥ ኮራል ከሚኖርበት ድንጋይ፣ ከሪፉ ከፍ ብሎ፣ ጅረቱ የሚያመጣለትን ፕላንክተን (በውሃ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት) ሲለቅም የሚውል ዓሣ ነው። ጠዋት ጠግቦ እስከ ማታ ልቆይ አይልም። በቀን ሦስት አራት ጊዜ፣ ትንሽ ትንሽ ማግኘት አለበት። እኔ ደግሞ የፈረቃ ሠራተኛ ነኝ። አንዴ ከወጣሁ 12 ሰዓት ያህል ቆይቼ ነው የምመለሰው። ስለዚህ ጠዋት ዘርገፍ አደርግላቸዋለሁ፤ ማታ እደግማለሁ። ክላውኖቹ ሆዳቸው እስኪነፋ ይበላሉ። የተረፈው ድንጋይ ሥር ገብቶ ይበሰብሳል። አንቲያሶቹ ግን ከጭንቅላታቸው ኋላ ያለው ሥጋ እየጎደጎደ መጣ። ውሃው በምግብ ቆሽሾ ዓሣው በረሃብ ሲከሳ ማየት ያናድዳል።

ማሽኑ ቀላል ነገር ነው። የምግብ መያዣው ትንሽ ከበሮ ነው። በሰዓቱ አንድ ዙር ይዞርና በጎኑ ባለች ቀዳዳ ምግብ ያራግፋል። ቀዳዳዋን በማጥበብና በማስፋት መጠኑ ይስተካከላል። በቀን እስከ 4 ጊዜ ይሠራል። በ2 ባትሪ ይሄዳል፤ የገንዳው ጠርዝ ላይ ይታሰራል።

የመጀመሪያው ሳምንት የፍቅር ሳምንት ነበር። በአራተኛው ቀን ሞተሩ ሲጮህ ዓሣዎቹ ተሰብስበው መጠበቅ ጀመሩ። ትልቋ ክላውንማ ድምፁን ሳትሰማም ሰዓቱ ሲደርስ ሥሩ ትቆማለች። ዓሣ ደደብ ነው ያለው ማን ነው?

ከዚያ ችግሩ መጣ። የሪፍ ገንዳ ውሃ ወደ 26 ዲግሪ ይሞቃል፤ ያለማቋረጥ ይተናል። ማሽኑ የተቀመጠው ደግሞ በትክክል እንፋሎቱ በሚወጣበት ቦታ ነው። እኔ የሞላሁት ፍሌክ ነበር፤ ያ ስስ ቅጠል የመሰለው ደረቅ ምግብ። ፍሌክ እርጥበት ሲነካው እንደ እርጥብ ወረቀት ይጣበቃል። ቀዳዳዋ ላይ ቅርፊት ሠራ። ከበሮው ይዞራል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ የሚወርድ ነገር ግን የለም።

ይህ የሆነው እኔ ለ4 ቀን ከቤት በወጣሁበት ጊዜ ነው፤ ሌላ መቼ ሊሆን! ካየሁት ምልክት ተነስቼ ስገምት፣ ሁለት ቀን ያህል ምንም አልወረደም። ከዚያ የተጠራቀመው ጓል ድንገት ተላቆ በአንዴ ወደቀ። ስመለስ ውሃው ደፍርሷል፣ ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመር ገንፍሎ ወለሉን አጥቦታል። ምግብ ሲበሰብስ የሚወጣውን፣ አልጌ የሚያበዛውን ፎስፌት ለካሁ፦ ስወጣ በሊትር 0.06 ሚሊግራም የነበረው 0.28 ደርሷል። ወንዱ አንቲያስም የለም። ሬሳውን እንኳ አላገኘሁትም፤ በገንዳ ውስጥ ሸርጣንና የባሕር ትል ካሉ ቀብር ፈጣን ነው።

ፎስፌት አንዴ ከወጣ በአንድ ቀን አይወርድም። ድንጋዩ ይመጠዋል፣ ቆይቶ መልሶ ይለቀዋል። ውሃ ቀይሬ ቁጥሩ ሲወርድ ደስ ይለኛል፤ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ ይወጣል። ፎስፌት የሚይዘውን የብረት ኦክሳይድ በብዛት አፍስሼ ልገላገለው አሰኝቶኝ ነበር። ግን ኮራል ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። ፈጽሞ ዜሮ ማድረግም ሌላ መዘዝ አለው፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው ቡናማ አተላ የሚነሣው ብዙ ጊዜ ውሃው እንዲህ ሲራቆት ነው። ስለዚህ በትዕግሥት፣ በየጥቂት ቀኑ ከውሃው 15 በመቶ እየቀየርኩ አወረድኩት። ከወር በላይ ፈጀብኝ። በዚያ መሃል አረንጓዴ ፀጉር የመሰለ አልጌ ድንጋዩን አለበሰው፤ በየእሑዱ በጥርስ ብሩሽ ስፍቅ ነበር።

በነገራችን ላይ፣ ወንዱ ከጠፋ ከሳምንታት በኋላ ትልቋ ሴት አንቲያስ ቀለሟ ከብርቱካናማ ወደ ወይን ጠጅ መዞር ጀመረ። ከጀርባዋ ክንፍ አንዷ አጥንት እንደ አንቴና ረዘመች። አንቲያስ እንዲህ ነው፤ ወንዱ ሲጠፋ ከሴቶቹ አንዷ ወንድ ትሆናለች። አሁን «እሱ» ነው የምንለው። ልጄ ግን እስካሁን ይምታታበታል።

ታዲያ ማሽኑን ለምን አልጣልኩትም? ጥፋቱ ግማሹ የኔ ስለሆነ ነው። ፍሌኩን ትቼ 1 ሚሊሜትር የሚያህል ደረቅ እንክብል ሞላሁ። እንክብል ስለሚንከባለል ቶሎ አይጣበቅም። ማሽኑን ከውሃው አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ በፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ አስቀመጥኩት። ከትንሽ የአየር ፓምፕ ቀጭን ቱቦ ስቤ መውረጃው ላይ ደረቅ አየር እንዲነፋበት አደረግሁ። ከበሮውንም የምሞላው እስከ ግማሽ ብቻ ነው፤ በየ5 ቀኑ አፍስሼ አደርቀዋለሁ። ይህን ሁሉ የመመሪያው ወረቀት አይነግርህም። «እርጥበት ካለበት ቦታ ያርቁ» ይላል። የዓሣ መጋቢ እኮ ነው!

መጠኑን ደግሞ ውሃው ላይ አትሞክሩት። ደረቅ ብርጭቆ ሥሩ አስቀምጣችሁ 10 ጊዜ አዙሩት፤ የወጣውን መዝኑና ለ10 አካፍሉ። እኔ ይህን ያደረግሁት ከጥፋቱ በኋላ ነው። «ትንሹ» የሚለው ማስተካከያ ከምፈልገው እጥፍ ያህል ሲያወርድ አየሁ። ቀዳዳዋን በከፊል በፕላስተር ሸፈንኳት፤ ተፈታ።

ሌላው ጣጣ ጅረቱ ነው። ደረቅ እንክብል ይንሳፈፋል። ገንዳው ላይኛውን ውሃ ወደ ታችኛው ማጣሪያ የሚያፈስ ከሆነ ዓሣው አፉን ሳይከፍት ምግቡ ተጠርጎ ይሄዳል። ተንሳፋፊ ቀለበት በማግኔት አስሬ ምግቡ እሱ ውስጥ እንዲወድቅ አደረግሁ። እስኪርስ እዚያ ይቆይና ቀስ እያለ ይሰምጣል። አንቲያሶቹ ሲሰምጥ መሃል ላይ ይቀልቡታል። ሦስት ወር ሳይሞላ የጎደጎደው ጀርባቸው ሞላ። ለዚህ ብቻ ማሽኑን አመሰግነዋለሁ።

ግን ገንዳውን ሁሉ ይመግባል ብሎ የሚገዛው ሰው ይቆጨዋል። ማንዳሪን ለእንክብል ደንታ የለውም። ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ ኮፔፖድ የሚባሉ ጥቃቅን የውሃ ነፍሳት ሲለቅም ይውላል፤ ኮፔፖድ ካለቀበት ምግብ አፍንጫው ሥር እየወደቀ በረሃብ ይሞታል። ለእሱ በማሰሮ ኮፔፖድ አረባለሁ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ መብራት ጠፍቶ ሌሎቹ ሲተኙ አፈስለታለሁ።

ሰን ኮራል የሚባለው ኮራሌም እንደዚያው። አብዛኞቹ ኮራሎቼ በሰውነታቸው ውስጥ ያለው አልጌ ከብርሃን ምግብ ይሠራላቸዋል። ሰን ኮራል ያ አልጌ የለውም። ማታ ቢጫ አበባ መስሎ ሲከፈት እያንዳንዱን አፍ በፒፔት (በጠብታ ማንጠባጠቢያ)፣ ከበረዶ የቀለጠ ማይሲስ የሚባል ትንሽ ሽሪምፕ መሰል እንስሳ ማጉረስ ነው። እዚህ ላይ ነው ሌባው ሽሪምፕ የሚመጣው። ኮራሉ ገና ሳይውጥ እጁን ከትቶ መንትፎት ይሄዳል። መፍትሔው ቂጡ የተቆረጠ የፕላስቲክ ጠርሙስ ኮራሉ ላይ ደፍቶ በአንገቱ በኩል ማጉረስ ነው። ሽሪምፑ ውጭ ሆኖ ጠርሙሱን ሲዞር ማየት ራሱ መዝናኛ ነው።

ነጥቤ ከ5 3.5 ነው። አንቲያስ ያለው፣ ውሎው ከቤት ውጭ የሆነ ሰው ይግዛው። ያላችሁ ክላውን ብቻ ከሆነ ግን አያስፈልጋችሁም፤ አንድ ቀን ቢዘሉ ምንም አይሆኑም።

አንድ ነገር ልጨምር። ባትሪ ስትቀይሩ ሰዓቱን ከዜሮ ይጀምረዋል፤ የምግብ ሰዓቶቹን ግን አይረሳም። በስድስተኛው ወር ማታ አንድ ሰዓት ላይ ባትሪ ቀይሬ፣ ሰዓቱን ሳላስተካክል ተኛሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሞተሩ ጮኸ። ባትሪ እያበራሁ ሳሎን ስደርስ አንቲያሶቹ በየድንጋዩ ስንጥቅ ተኝተዋል። ትልቋ ክላውን ብቻ ቀለበቱ ሥር ቆማ ትበላለች።