«ባለ ስድስት ቻናል» የሚለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

የቪዲዮ ፋይሎችን ለጨዋታ ኮንሶል እንዲስማሙ አድርጎ እንደሚቀይር፣ የ5.1 ሰራውንድ ድምፁንም (ለአምስት ስፒከሮችና ለወፍራም ድምፅ ማውጫው ሰብዉፈር የተለዩ ስድስት የድምፅ መስመሮችን፣ ማለትም ቻናሎችን) እንዳለ እንደሚያቆይ የሚናገር የክፍያ ፕሮግራም ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ክፍያውን ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እጠይቃለሁ። እኔ ከፍዬበታለሁ፤ ያገኘሁት ግን ስድስት ቻናል ተብሎ የተሰየመ ተራ ስቴሪዮ፣ ማለትም ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ ነው። የፕሮግራሙን ስም አልጠቅስም፤ ማታለያውን መለየት ስሙን ከማወቅ ይበልጥ ይጠቅማልና።

ችግሬ እንዲህ ነበር። ያሉኝ ፋይሎች ኤምኬቪ (ምስልና ድምፅ አብሮ የሚይዝ የፋይል ዓይነት) ሲሆኑ ድምፃቸው ዲቲኤስ በተባለው ስልት የታመቀ ነው። በ2015 የወጣው የፕሌይስቴሽን 4 ሚዲያ ማጫወቻ ኤምኬቪን ይከፍታል፤ ከሚቀበላቸው የድምፅ ዓይነቶች መካከል ግን ኤምፒ3፣ ኤኤሲና ኤሲ3 (ማለትም ዶልቢ ዲጂታል) ይገኛሉ እንጂ ዲቲኤስ የለም። ስለዚህ ምስሉ ይሄዳል፣ ድምፅ ግን አይሰማም። በዚህ ላይ ሆም ቲያትሬ (ማጉያውና ስፒከሮቹ) ከኮንሶሉ ጋር የተገናኘው በኦፕቲካል ገመድ ነው። ይህ ገመድ ያልታመቀ ድምፅ ሲያስተላልፍ ከሁለት ቻናል በላይ አይችልም፤ ስድስቱን ቻናል የሚያሳልፈው በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ ታምቀው ሲመጡለት ብቻ ነው። ኤችዲኤምአይ ቢሆን እስከ ስምንት ያልታመቁ ቻናሎችን ስለሚሸከም ነገሩ ይቀል ነበር። እንግዲህ የሚያስፈልገኝ ሥራ ጠባብ ነበር፦ ምስሉ ሳይነካ፣ ድምፁ ብቻ ከዲቲኤስ ወደ ኤሲ3 እንዲለወጥ፣ እያንዳንዱም ቻናል በቦታው እንዲቀር።

ፕሮግራሙ ይህንኑ እንደሚሠራ ቃል ገባልኝ፤ ላይ ላዩንም የሠራ ይመስል ነበር። አዲሱን ፋይል የፋይልን ዝርዝር በሚያሳየው ሚዲያኢንፎ በተባለ ፕሮግራም ስመለከተው «ኤሲ3፣ ስድስት ቻናል፣ 640 ኪሎቢት በሰከንድ» ይላል። የሆም ቲያትሩ ማሳያም ዶልቢ ዲጂታል ብሎ አበራ። የፋይሉ መጠን እንኳ አያጋልጠውም፤ በ640 ኪሎቢት የታመቀ የሁለት ሰዓት ድምፅ ውስጡ ምንም ይሁን ምን 576 ሜጋባይት ያህል ይይዛልና። ሁለት ሳምንት ያህል በዚሁ ረክቼ ቆየሁ።

ጥርጣሬ ያሳደረብኝ፣ ከኋላ ተነሥቶ ወደ ፊት ማለፍ የነበረበት የመኪና ድምፅ በአራቱም ማዕዘን ባንድ ጊዜ ተሰምቶ ባንድ ጊዜ መጥፋቱ ነው። ከዚያ በኋላ ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ ከመሐል ስፒከር ብቻ መውጣት ያለበት ንግግር ከኋላም ይሰማል። ዋናውንና የተቀየረውን ፋይል ኦዳሲቲ በተባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ከፍቼ ጎን ለጎን አየኋቸው። በዋናው ውስጥ ስድስቱ የድምፅ መስመሮች ስድስት የተለያዩ ሞገዶች ናቸው። በተቀየረው ግን የኋላው ግራ ከፊተኛው ግራ ጋር አንድ ሆኖ ድምፁ ብቻ ዝቅ ተደርጓል፤ ቀኙም እንደዚያው፤ መሐሉ የሁለቱ ድምር ነው፤ የሰብዉፈሩ መስመር ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ባዶ ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ስድስቱን ወደ ሁለት ደባልቆ፣ ቀጥሎ ሁለቱን በስድስት ቦታ በትኗቸዋል ማለት ነው። የተደባለቀውን መልሶ እንደነበረው መለየት ደግሞ አይቻልም፤ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንዲሉ። ግምቴን ልናገርና፣ ፕሮግራሙ ሲጀመር ለስቴሪዮ ብቻ የተሠራ ይመስለኛል፤ «5.1» የሚለው የተጨመረው ለማስታወቂያው ነው።

ብዙ ሰው ይህን ሳያስተውል የሚቀርበት በቂ ምክንያት አለ። የሙከራው ቅጂ የሚቀይረው የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው፤ በእነዚያ ደቂቃዎች የሚሰማው ደግሞ ባብዛኛው የመክፈቻ ሙዚቃ ስለሆነ ልዩነቱ ለጆሮ አይገባም። ከዚህም ሌላ ብዙ ሆም ቲያትሮች ስቴሪዮ ሲመጣላቸው ፕሮ ሎጂክ በተባለው ስልት ወደ ሁሉም ስፒከሮች ያከፋፍሉታል፤ ስለዚህ ከኋላ ድምፅ መምጣቱ ብቻውን ሰራውንድ ስለመኖሩ ማስረጃ አይሆንም።

አስተማማኙ ፈተና ሌላ ነው። የእያንዳንዱን ስፒከር ስም በየተራ የሚጠሩ፣ «የፊት ግራ»፣ «መሐል»፣ «የኋላ ቀኝ» እያሉ የሚናገሩ አጫጭር የመፈተሻ ፋይሎች ያለ ክፍያ ይገኛሉ። አንዱን ወስዳችሁ በሙከራው ቅጂ ቀይሩት፤ አጭር ስለሆነ የደቂቃው ገደብ አያግደውም። «የኋላ ቀኝ» የሚለው ጥሪ ከፊት ከተሰማ ወይም ባንድ ጊዜ ከሁለት ስፒከር ከወጣ፣ ያን ፕሮግራም ተዉት። ከመፈተናችሁ በፊት ግን የኮንሶሉን የድምፅ ቅንብር ተመልከቱ፤ በኦፕቲካል ገመድ ላይ «ሊኒየር ፒሲኤም» (ያልታመቀ ድምፅ) ተመርጦ ከሆነ፣ ፋይሉ ፍጹም ቢሆን እንኳ የሚደርሳችሁ ስቴሪዮ ነው። «ቢትስትሪም ዶልቢ» (በዶልቢ የታመቀ ድምፅ) የሚለውን ምረጡ፤ አለዚያ ፕሮግራሙን ያለ ጥፋቱ ትኮንኑታላችሁ።

አንድ ምልክት ደግሞ ከመፈተንም ያድናችኋል፤ እኔ ቀድሜ ባውቀው ኖሮ ገንዘቤ በኪሴ በቀረ ነበር። የገዛሁት ፕሮግራም በምርጫዎቹ ዝርዝር ውስጥ «ለኤክስቦክስ 360፣ ኤምፒ4፣ ባለ 5.1» የሚል አለው። ኤክስቦክስ 360 ግን በኤምፒ4 ውስጥ የሚቀበለው ባለ ሁለት ቻናል ኤኤሲ ነው፤ ባለ 5.1 ዶልቢ ዲጂታል የሚያነበው ኤቪአይ በተባለው ሌላ የፋይል ዓይነት ውስጥ ነው። የማይሆነውን ነገር እንደሚሠራ የሚጽፍ አምራች ሌላውንም አልመረመረውም።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ሥራው በነፃ የሚሠራ መሆኑ ነው። ከ2000 ጀምሮ ያለው፣ በጽሑፍ ትእዛዝ የሚሠራው ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ምስሉን እንዳለ ገልብጦ፣ ዲቲኤሱን ብቻ በ640 ኪሎቢት ወደ ኤሲ3 ይለውጣል። በእርግጥ ዲቲኤስ ብዙ ጊዜ በ1509 ኪሎቢት የታመቀ ስለሆነ፣ ዳግመኛ ሲታመቅ ከጥራቱ ጥቂት ይቀንሳል፤ ቻናሎቹ ግን ቦታቸውን አይለቁም። ድምፁ ቀድሞውኑ ኤሲ3 ከሆነ እሱም እንዳለ ይገለበጣል፤ ምንም አይጎድልበትም። ምስሉ ስለማይነካ ሥራው በደቂቃዎች ያልቃል፤ የእኔ ፕሮግራም ግን ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ሳልጠይቀው ምስሉንም እንደገና ስለሚያምቀው ነው። የትእዛዝ መስመር የሚከብዳችሁ ሃንድብሬክ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም መጠቀም ትችላላችሁ፤ ምስሉን እሱም ሁልጊዜ እንደገና ያምቃል፣ ድምፁ ኤሲ3 ከሆነ ግን ሳይነካ እንዲያሳልፈው ማዘዝ ይቻላል። ፕሌይስቴሽን 3 ላላቸው ደግሞ፣ ኮንሶሉ ኤምኬቪን ስለማያነብ ቲኤስመክሰር የተባለ ፕሮግራም ምስሉን ሳይነካ ኮንሶሉ ወደሚያነበው የፋይል ዓይነት፣ ወደ ኤም2ቲኤስ ያዛውርላቸዋል፤ ኮንሶሉ የሚያነበው ፋት32 የተባለውን የዲስክ አሠራር ስለሆነ ግን ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል በፍላሽ ላይ አይቀመጥም፣ መከፋፈል ያስፈልጋል።

ገንዘቤ እንዲመለስልኝ የሁለቱን ፋይሎች የሞገድ ምስል አያይዤ ጽፌ ነበር። የተሰጠኝ መልስ «ፋይሉ በገባነው ቃል መሠረት ስድስት ቻናል አለው» የሚል ነበር፤ ቃል በቃል ሲታይ ውሸት አይደለም። ያኔ ውሉን እንደገና ሳነብ፣ ክፍያው በየዓመቱ በራሱ እንደሚታደስና ፕሮግራሙን ከኮምፒውተር ማጥፋት ብቻውን እንደማያቋርጠው አየሁ። የግዢ ገጹ ይህን የጻፈው ከክፍያው ቁልፍ በታች፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ከእኔ ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ወደ መለያችሁ ገብታችሁ እድሳቱን ራሳችሁ ሰርዙ፤ መሰረዙን የሚያረጋግጠውንም ኢሜይል አስቀምጡት።