«ሞተሩ አልቋል» ላሉኝ ሁሉ፦ ስለ አንድ የዘይት ግፊት ጌጅ

ዳሽቦርድ ላይ ያለችውን ቀይ የዘይት መብራት የሚያምን ሰው ካለ ይህን ያንብብ። እኔ እሷን ማመን ከተውኩ ወራት አልፈዋል። አሁን የማምነው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የገዛሁትን፣ ማን እንደሠራው እንኳ ያልተጻፈበትን የዘይት ግፊት ጌጅ (መለኪያ) ነው። ለመለካት ባትሪ አይፈልግም፣ ሴንሰር የለውም። ከዜሮ እስከ ሰባት ባር (የግፊት መለኪያ አሃድ) የተጻፈበት ክብ ፊት፣ አንድ መርፌ፣ አንድ ቀጭን ቱቦ። በቃ።

መኪናዬ የ2007 ሞዴል ሃይሉክስ ደብል ጋቢና ናት። ባለ 2.5 ሊትር የናፍጣ ቱርቦ ሞተር፣ ሰው ዲ-ፎር-ዲ የሚለው፣ መካኒክ 2ኬዲ የሚለው። አርጅታለች። «ሽጣትና አዲስ ግዛ» የሚለኝ ሰው ግን በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት መከልከሉን የረሳ ነው። ያለችኝ እሷው ናት፤ አልሸጥም።

ከአዳማ ስመለስ በፈጣን መንገዱ ሽቅብ ረገጥ አድርጌ እየነዳሁ ነበር። ቀይዋ መብራት ብልጭ አለች። ዳር ይዤ አጠፋሁ። አሳርፌ ሳስነሳት ምንም የለም። የዘይቱን መጠን ባየው ሙሉ ነው፤ አልጎደለም፣ አልፈሰሰም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጋራዥ የለመደ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፈተ፣ ጭስ እፍ ሲል አየና «ይተነፍሳል፤ ፋሻ ጨርሷል፤ ሞተር ይውረድ» አለ። ፋሻ የሚሉት የፒስተኑን ቀለበት ነው። ሌላው መኪናዋን ሳያስነሳ «ቱርቦው (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ሄዷል» ብሎ ፈረደ። ዘይት ሻጩ ደግሞ «ወፍራሙን ዘይት፣ 20ደብሊው-50 አድርግበት፣ ከላዩ ይቺን ጨምርበት» ብሎ ማወፈሪያ ጠርሙስ አስጨበጠኝ። አንዳቸውም ግፊቱን አልለኩም! የደም ግፊት ሳይለካ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም ዘንድ ማን ይመለሳል?

ቀይዋ መብራት የምትበራው ግፊቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ነው፤ በአብዛኛው መኪና ከግማሽ ባር በታች። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ግን ሞተሩ በደቂቃ በ3,000 ዙር ሲሠራ ከ2.5 እስከ 6 ባር አካባቢ ይጠብቃሉ። እንግዲህ አስቡት። ግፊቱ ከአራት ወደ አንድ ቢወርድ መብራቷ ዝም ትላለች። የቱርቦው ዘንግ ደግሞ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ብረት ከብረት እንዳይፋቅ የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦው ከቆላው የበለጠ ይለፋል። መብራቷ እስክትበራ የሚጠብቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ለቀብር ነው።

ጌጁን የገጠምኩት ቤቴ ግቢ ውስጥ ነው። የመብራቷን ሴንሰር ፈትቶ በቦታው ቱቦውን ማሰር ነው፤ ሥራው ያን ያህል አይከብድም። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ ሻጩም አይነግራችሁም። የጃፓን መኪና የዘይት ሴንሰር ጥርስ በአንድ ኢንች 28 ነው። ከብዙዎቹ ጌጆች ጋር የሚመጣው የአሜሪካ ጥርስ ግን 27 ነው። በዓይን አንድ ይመስላሉ። ሁለት ዙር በእጅ ይገባና ከዚያ ይጠብቃል። «ትንሽ ግፋው» የሚል አይጠፋም። የሞተሩን ብሎክ ጥርስ የሚያበላሽ ምክር ነው። የነሐስ ማገናኛ ፈልጌ ሶማሌ ተራን ከዳር እስከ ዳር ዞሬያለሁ። ከጌጁ ይልቅ ያደከመኝ እሱ ነው።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። መርፌው የነገረኝን ማንም ጋራዥ አልነገረኝም።

ሞተሩ ሲሞቅ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከአንድ ባር በላይ ይዞ ቆመ። ጤነኛ ነው። ብሮንዚን (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ማቀፊያ) ያለቀበት ሞተር እንዲህ አይደለም፤ ሲሞቅ በሚኒሞ ግፊቱ ይሞታል፣ ነዳጅ ሲሰጡት ይነሳል። የእኔ የተገላቢጦሽ ነበር። ነዳጅ ስሰጥ መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ከፍ ባለ ዙር ይዤ ስቆይ መርፌው እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። አጥፍቼ ሳሳርፈው ደግሞ ተመልሶ ደህና ይሆናል። ይህ የደከመ ፓምፕ ወይም ያለቀ ሞተር ምልክት አይደለም። ፓምፑ የሚጠጣው አጣ ማለት ነው። የሆነ ነገር ከታች አፉን ይዘጋል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ይለቀዋል።

ዘይቱን አፈሰስኩ። ከመኪናዋ ሥር ተኝቼ የታችኛውን የዘይት ቋት ፈታሁ። የመምጠጫው ወንፊት ግማሹ አይታይም። ጥቁር፣ እንደ አሸዋ የሚንኮሻኮሽ ካርቦን ለብሷል።

ካርቦኑ ከየት መጣ? ይህ የዚህ ሞተር ቤተሰብ የታወቀ ድካም ነው፤ በሌላ አገር ያሉ ባለቤቶችም ያውቁታል። በእያንዳንዱ ኢንጀክተር (ናፍጣ የሚረጨው) ጫፍ ሥር ትንሽ የመዳብ ዋሸር አለች። ከዓመታት በኋላ መያዝ ታቆማለች። የቃጠሎው ጋዝ በጎኗ ሾልኮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሞተሩ ዘይት ጋር ይገናኛል፣ ዘይቱን ያከስለዋል። ፍርፋሪው ወደ ታች ወርዶ ወንፊቱን ይደፍናል። ክዳኑ ሲከፈት የወጣው ጭስም ከዚሁ ነው። «ፋሻ ጨርሷል» ያለው ሰውዬ ጭሱን በትክክል አይቷል። መንገዱን ነው የሳተው። አንዲት ዋሸር ላጠፋችው ሙሉ ሞተር ሊያወርድ ነበር!

አራቱንም ዋሸሮች ቀየርኩ። መቀመጫቸውን በእንጨትና በጨርቅ አጸዳሁ። ካርቦን ከቀረ አዲሷም አትይዝም፤ ብረት ከተጫረ ደግሞ ጨርሶ አትይዝም። የኢንጀክተር ቱቦ መፍታት ግን ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ነው። በሥራ ላይ እያለ ውስጡ ያለው ግፊት ከ1,000 ባር በላይ ነው፤ ቆዳ ይበሳል። በዚህ ቀልድ የለም። እጃችሁን ካላመናችሁ ይቺን ክፍል ለባለሙያ ስጡ፣ ሲሠራ ግን ቆማችሁ እዩ።

የዘይት ቋቱን መልሶ መግጠም ላይ ደግሞ ከአገሬ መካኒኮች ጋር እጣላለሁ። ሲሊኮን ሲቀቡ እጃቸው አይሰስትም። ቡሎኑ ሲጠብቅ ወደ ውጭ የተረፈው በዓይን ይታያል፣ ይጠረጋል። ወደ ውስጥ የተረፈውስ? ይደርቅና ተቆርሶ ይወድቃል። የት እንደሚሄድ ገምቱ። ቀጭን መስመር ይበቃል።

«ናፍጣ ጨምረህ እጠበው» ባይም ብዙ ነው። ወንፊቱ ሳይወጣ እንዲህ ያለ ሞተር በናፍጣ ማጠብ ማለት በየጥጉ የተኛውን ካርቦን ሁሉ ቀስቅሶ ወደ ወንፊቱ መላክ ነው። በዚያ ላይ ናፍጣው ዘይቱን ያቀጥነዋል። ወፍራም ዘይቱም ቢሆን ያው ነው። የተደፈነ ወንፊት ቀጭኑን ዘይት ማሳለፍ ካቃተው ወፍራሙን በጠዋት ብርድ እንዴት ያሳልፋል? እኔ 15ደብሊው-40 ሞላሁ። ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ ይወስዳል። የቀረውን ቆሻሻ እንዲያወጣልኝ ቶሎ አፍስሼ ከነፊልትሮው ደገምኩት። ወጪው አሞኛል፤ ግን ሞተር ከማውረድ ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ ወዲህ መርፌው አልተንቀጠቀጠም። በፈጣን መንገድም፣ በጣርማ በር ዳገትም ያው ቦታው ላይ ነው። ቱርቦው «ሄዷል» የተባለው እስከ ዛሬ እያፏጨ ይገፋል። ባለቤቴ «መንገዱን እይ እንጂ ሰዓት ትጠብቃለህ እንዴ» ትለኛለች። እውነቷን ነው፤ ሱስ ሆኖብኛል። ጠዋት ገና ሳስነሳ መርፌው ስንት ሰከንድ ቆይቶ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ዘይቱ ሲያረጅ በሚኒሞ ትንሽ ዝቅ እንደሚል አውቃለሁ። የዘይት መቀየሪያ ጊዜዬን ከሱቁ ተለጣፊ ወረቀት ይልቅ በእሱ ነው የማስተያየው።

ጌጁ እንከን የለውም አልልም። የማታ መብራቱ ከገጠምኩት ብዙም ሳይቆይ ሞቷል። መስታወቱ ውስጡ ጭጋግ ይይዛል። ትልቁ ችግር ግን ቱቦው ነው። አብሮ የመጣው የላስቲክ ቱቦ ነው። በውስጡ የሚሄደው ደግሞ የጋለ፣ ግፊት ያለው የሞተር ዘይት ነው። ይህን ጋቢና ውስጥ አስገብቶ ከጉልበቱ በላይ የሚሰቅል ሰው ጀግና ነው፤ እኔ አይደለሁም። ላስቲኩን ጥዬ ብረት የተጠለፈበት ቱቦ አስገጠምኩ። ጌጁንም ከመስታወቱ ውጭ፣ ከዝናብ መጥረጊያው ሥር አሰርኩት። መልኩ አያምርም። ሰፈር ውስጥ «ትራክተር አደረግካት» ያሉኝ አሉ። ይበሉ።

ሻጩ ባለ ሴንሰር የኤሌክትሪክ ጌጅ ሊሸጥልኝ ሞክሮ ነበር። ያለ ዘይት ቱቦ ስለሚሠራ ጋቢና ውስጥ ለመስቀል ከሆነ እሱ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ግን እኔ ከቀይዋ መብራትና ከሽቦ ተጣልቼ ነው የመጣሁት። ሴንሰሩ ቢዋሸኝስ? መርፌዬን የሚገፋው ዘይቱ ራሱ ነው።

ቱርቦ ያለው አሮጌ መኪና ካላችሁ፣ በተለይ «ሞተሩ ይውረድ» ከተባላችሁ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ግዙ። ለዘለቄታው ማሰር ካልፈለጋችሁ ለመለካት ብቻ ገጥማችሁ ፍቱት። ስትገዙ የሴንሰራችሁን ጥርስ ይዛችሁ ሂዱ፣ ማገናኛውን እዚያው ሱቅ ውስጥ በእጃችሁ እስከ መጨረሻው አዙሩት፣ ካልዞረ አትክፈሉ።