ጥለት ብቻ ከሽሮ ሜዳ

የቢሮ ልብሴ ጥቁርና ግራጫ ብቻ ነው፤ አዲስ መግዛት ደግሞ አሁን ኪስ ይጎዳል። ስለዚህ ሽሮ ሜዳ ሄጄ ሙሉ የሐበሻ ቀሚስ ሳይሆን ጥለቱን ለብቻው ገዛሁ፤ አረንጓዴና ወርቃማ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው። ልብስ ሰፊው የጥቁር ሸሚዜን አንገትና የእጅጌውን ጫፍ ዙሪያውን ሰፋልኝ። ሸሚዙ ሌላ ልብስ ሆነ! የሥራ ባልደረቦቼ ከየት ገዛሽው ብለው ያዙኝ።

ልብሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቀለሙን አስጠግታችሁ ካላያችሁት አይታወቅም። ሻጮቹ ደጋግመው ቢያወርዱላችሁም አይሰለቹም። ቀይ ጥለት ከመረጣችሁ በረጠበ ነጭ ሶፍት አሸት አድርጉት፤ የሚለቅ ከሆነ ተዉት፣ መጀመሪያ ሲታጠብ ልብሱን ያበላሻል። ጀርባውንም ገልብጣችሁ እዩ፤ ክሩ የተንጠለጠለ ቶሎ ይተረተራል። ዋጋ መከራከር ያለ ነው። እንቁጣጣሽና ጥምቀት ሲቃረቡ ግን ገበያው ስለሚጨናነቅ ቀደም ብላችሁ ሂዱ።