ስትራይፕና ቻርጅባክ፦ ለትንሽ የኦንላይን አገልግሎት የትኛው መከላከያ ይጠቅማል?

አሜሪካ ተቀምጦ በዙም አማርኛ የሚያስተምር፣ ሰነድ የሚተረጉም ወይም ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው የካርድ ክፍያ ለመቀበል ስትራይፕ የተባለውን የኦንላይን ክፍያ አገልግሎት ቢመርጥ አይገርምም። አካውንቱ በቀላሉ ይከፈታል፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም፣ ከእያንዳንዱ የአገር ውስጥ ካርድ ክፍያ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ይቆርጣል። እዚህ የምንገመግመው የቻርጅባክ መከላከያውን ብቻ ነው። የካርዱ ባለቤት ባንኩ ጋ ደውሎ «ይህን ክፍያ አላውቀውም» ወይም «የከፈልኩበትን አላገኘሁም» ካለ ገንዘቡ ወዲያው ከሻጩ ላይ ይነሳል፤ ቻርጅባክ የሚባለው ይህ ነው፤ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር፦ ከአካውንቱ ጋር የሚመጣው ራዳር የተባለው የማጭበርበር ማጣሪያ ጥሩ ነው፤ ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠየቅበት የቻርጅባክ ዋስትና ግን ደንበኞቹን በስም ለሚያውቅ አገልግሎት ሰጪ አይጠቅምም፤ እሱን የሚያስጨንቀውን የቅሬታ ዓይነት አይሸፍንምና።

ቴሌብር የለመደ ሰው ይህን ነገር መቀበል ይከብደዋል። እዚያ ከፋዩ ራሱ ፒኑን አስገብቶ ይልካል፤ ከገባ ገባ ነው። የካርድ ክፍያ ግን ለወራት ያህል ተመላሽ ሊሆን ይችላል። በቪዛ ደንብ አብዛኛው ቅሬታ በ120 ቀን ውስጥ ይቀርባል። «አገልግሎቱን አላገኘሁም» ለሚለው ደግሞ ቆጠራው ከተከፈለበት ቀን አይጀምርም፤ የሚጀምረው አገልግሎቱ ይሰጣል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ነው፤ ጣሪያው ከክፍያው ጀምሮ 540 ቀን ነው። የስድስት ወር ትምህርት በአንዴ ያስከፈለ አስተማሪ ትምህርቱ ካለቀ በኋላም አራት ወር ያህል ስጋቱ አይለቀውም ማለት ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 12 ክፍለ ጊዜ የአማርኛ ትምህርት በ240 ዶላር ተሸጠ እንበል። ስትራይፕ 7 ዶላር ከ26 ሳንቲም ይቆርጣል። ዲስፒውት (ደንበኛው በባንኩ በኩል የሚያቀርበው ቅሬታ) ሲከፈት 240ው ይሄዳል፣ የተቆረጠው 7 ከ26 አይመለስም፣ የዲስፒውት ክፍያ 15 ዶላር ይጨመራል። ከ2025 ወዲህ ደግሞ «እከራከራለሁ» ብሎ ማስረጃ የሚልክ ሻጭ ሌላ 15 ዶላር ይያዝበታል። ይህ ሁለተኛው ካሸነፈ ይመለስለታል፤ የመጀመሪያው ግን ቢያሸንፍም አይመለስም። ስለዚህ ተከራክሮ የተሸነፈ አስተማሪ ከ240ው ምንም ሳያገኝ 37 ዶላር ከ26 ሳንቲም ከኪሱ ያወጣል፤ ያስተማረበት ሰዓት ሳይቆጠር። የ20 ዶላር ክፍያን ለማስመለስ 15 ዶላር አስይዞ መከራከር የሚያዋጣው ማስረጃው የማያጠራጥር ከሆነ ብቻ ነው።

ራዳር እያንዳንዱን ክፍያ ከ0 እስከ 100 ነጥብ ይሰጠዋል፤ በመነሻው አቀማመጥ 75 እና ከዚያ በላይ ያገኘውን ያግዳል፣ ከ65 እስከ 74 ያለውን ደግሞ አጠራጣሪ ብሎ ያሳልፋል። በመደበኛው ዋጋ ለሚሠራ አካውንት ተጨማሪ ክፍያ የለውም። ዳሽቦርዱ ውስጥ ገብታችሁ ሁለት ደንቦች መብራታቸውን አረጋግጡ፦ ከካርዱ ጀርባ ያለው ሲቪሲ ካልገጠመ አግድ፣ ዚፕ ኮዱ ካልገጠመ አግድ። ሁለተኛው አልፎ አልፎ ንጹሑን ደንበኛም ይመልሳል። ከቨርጂኒያ ወደ ቴክሳስ ተዛውሮ ባንኩ ጋ አድራሻውን ያልቀየረ ሰው አዲሱን ዚፕ ኮድ ሲያስገባ ክፍያው ይታገዳል፤ «ባንክህ የሚያውቀውን ዚፕ ኮድ አስገባ» ማለት ይበቃል።

ደንቡ የሚያግደው ተመሳክሮ ያልገጠመውን ብቻ መሆኑንም አትርሱ። ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከእንግሊዝ ውጭ ብዙ ባንኮች አድራሻ አያመሳክሩም፤ ኤሚሬትስ እንዲያውም ዚፕ ኮድ የሚባል ነገር የላትም። ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የሚከፍል ደንበኛ በዚህ ማጣሪያ ሳይነካ ያልፋል። ለእንደነዚህ ያሉ ካርዶች የሚሠራው ስሪ ዲ ሴኪዩር ነው፦ ባንኩ ራሱ ለካርዱ ባለቤት ኮድ ወይም የማረጋገጫ ጥያቄ ይልካል፤ ማረጋገጫው ከተሳካ «እኔ አልከፈልኩም» የሚለው ኪሳራ ከሻጩ ወደ ካርዱ ባንክ ይዞራል። ከውጭ አገር የሚመጣ ካርድ ሁሉ በዚህ ይለፍ የሚል የራስ ደንብ ለመጻፍ የሚከፈልበት ራዳር ያስፈልጋል፤ በመደበኛው ዋጋ ለሚሠራ አካውንት በአንድ ክፍያ 2 ሳንቲም ነው። በወር 40 ክፍያ ላለው 80 ሳንቲም። ደንበኞቹ በአራቱም ማዕዘን ለተበተኑ ሰው ይህን ያለማመንታት እንመክራለን።

የቻርጅባክ ዋስትናው ከእያንዳንዱ ክፍያ 0.4 በመቶ ይወስዳል፤ በ240 ዶላር 96 ሳንቲም፣ በወር 5,000 ዶላር ለሚያንቀሳቅስ 20 ዶላር። በምላሹ በተሰረቀ ካርድ ምክንያት የተከፈተ ዲስፒውትን ስትራይፕ ራሱ ይሸከማል፣ ማስረጃ አይጠይቅም፣ የዲስፒውት ክፍያውንም ይተዋል። የሚሠራው ግን ቼክአውት በተባለው የስትራይፕ የራሱ የክፍያ ገጽ በኩል ለመጣ ክፍያ ብቻ ነው፤ የሚሸፍነውም በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ነው። ትልቁ ቀዳዳ ደግሞ «አላስተማረኝም»፣ «ሰርዤ ነበር»፣ «የተባለው ዓይነት አይደለም» የሚሉትን ፈጽሞ አለመንካቱ ነው። የማያውቁት ሰው ሌሊት ገብቶ የሚገዛው ነገር ለሚሸጡ፣ ለምሳሌ የዲዛይን ፋይል ወይም ቀድሞ የተቀረጸ ኮርስ ለሚያቀርቡ፣ ዋጋው ተገቢ ነው። በየሳምንቱ ተማሪውን በካሜራ የሚያይ አስተማሪ ግን 20 ዶላሩን ይያዘው።

እሱን የሚከላከልለት የራሱ አሠራር ነው፤ መጀመሪያው የባንክ ስቴትመንት ላይ የሚወጣው ስም ነው። ከ5 እስከ 22 የላቲን ፊደል ይፈቀዳል። ብዙዎች የኤልኤልሲያቸውን (በሕግ የተመዘገበውን ድርጅታቸውን) ስም እንዳለ ይተዉታል፤ ደንበኛው የሚያውቀው ግን የትምህርት ቤቱን ስም ነው። ሚስት ትከፍላለች፣ ባል በወሩ መጨረሻ ስቴትመንቱን ያያል፣ የማያውቀው ድርጅት ስም ይገጥመዋል፣ «አልከፈልንም» ብሎ ይደውላል። ስሙን ደንበኛው ስልኩ ላይ ባስቀመጠው ስም ቀይሩት፤ የስልክ ቁጥርም አስገቡ፤ ደረሰኝ በኢሜይል መላኩንም አብሩ። ይህ ሁሉ ነጻ ነው።

ቀጥሎ የተመላሽ ደንብ ነው። ድረ ገጽ ላይ መለጠፉ ብቻውን አይበቃም፤ ባንኩ የሚጠይቀው ደንበኛው ከመክፈሉ በፊት ማየቱንና መስማማቱን ነው። የስትራይፕ ቼክአውትና ፔይመንት ሊንክ ውሉን ተቀብያለሁ የሚል ምልክት ማድረጊያ ሳጥን ማስገባት ያስችላሉ፤ መጀመሪያ ግን የውሉ ገጽ አድራሻ በድርጅቱ መረጃ ውስጥ መሞላት አለበት። ውሉ ላይ ቁርጥ ያለ ነገር ጻፉ፦ ከስንት ሰዓት በፊት ሲሰረዝ ነው ክፍለ ጊዜው የማይቆጠረው፣ ያልተጠቀሙበት ክፍለ ጊዜ ይመለሳል ወይስ አይመለስም።

ማስረጃው ላይ ረጋ ማለት ያስፈልጋል። ስትራይፕ የሚያቀርበው ፎርም ጥሩ ነው፤ የቅሬታውን ዓይነት አይቶ ምን እንደሚፈለግ ይነግራል። የሚላከው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተላከ በኋላ «ይቺን ረስቻለሁ» የለም። ፋይሎቹ ተደምረው ከ4.5 ሜጋባይትና ከ50 ገጽ በታች መሆን አለባቸው፤ ማስተርካርድ ከሆነ 19 ገጽ። ድምፅ፣ ቪዲዮ ወይም ሊንክ አይታይም። ማስረጃ የሚላክበት ቀነ ገደብ እንደ ካርዱ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 21 ቀን ነው፤ ካለፈ ተሸነፉ። የባንኩ ውሳኔ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይወስዳል።

ብዙ ሰው የሚሸነፈው ለቀረበው ቅሬታ ሳይሆን ለሌላ ጥያቄ መልስ ስለሚልክ ነው። ቅሬታዎች የኮድ ቁጥር አላቸው፤ በቪዛ 10.4 «ካርዴን ሌላ ሰው ተጠቀመበት» ነው፤ መልሱ አይፒ አድራሻ (ደንበኛው የገባበት የኢንተርኔት መለያ ቁጥር)፣ የመግቢያ ስምና ቀደም ያሉ ክፍያዎች ነው። ከሚያዝያ 2023 ወዲህ ቪዛ በዚህ ላይ ለሻጭ የሚበጅ ደንብ አለው፦ በዚያው ካርድ የተከፈሉ፣ ዕድሜያቸው ከ120 እስከ 365 ቀን የሆነ፣ ቅሬታ ያልቀረበባቸው ሁለት ክፍያዎች ካሉና ቢያንስ ሁለት መለያዎች ከገጠሙ፣ ከሁለቱ አንዱ አይፒ ወይም የመሣሪያ መለያ ከሆነ፣ ኪሳራው ከሻጩ ይነሳል። ደንበኞች በአካውንት ገብተው እንዲከፍሉ ማድረግ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። 13.1 «አላገኘሁም» ነው፤ መልሱ አገልግሎቱ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት ነው። 13.7 «ሰርዣለሁ» ነው፤ መልሱ የተፈረመበት ውልና ሰረዝኩ ካለ በኋላ የተጠቀመበት ማስረጃ ነው።

ለአስተማሪ ዋናው ሰነድ ማን መቼ ገብቶ መቼ እንደወጣ የሚያሳየው የዙም ሪፖርት ነው፤ በየወሩ እያወረዱ ማስቀመጥ ይገባል። ለድረ ገጽ ሠሪ ደንበኛው ረቂቁን አይቶ «እሺ» ያለበት ኢሜይልና ርክክቡ ነው።

የእኛ ሰው ደግሞ አንድ ልዩ ችግር አለበት፤ ከደንበኛው ጋር የተጻጻፈው በቴሌግራም በአማርኛ ነው። ፋይሉን የሚያነበው የባንክ ሠራተኛ ስክሪንሹቱ ምን እንደሚል አያውቅም። ከእያንዳንዱ ምስል ሥር የእንግሊዝኛ ትርጉሙን ጻፉ። ሰዓቱን ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። መልእክቱ «ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት» ይላል፣ የዙም ሪፖርቱ 9:00 ይላል፤ ሳይብራራ ከቀረ ሁለቱ ማስረጃዎች የተጣሉ ይመስላሉ። በአገራችን አቆጣጠር የተጻፈ ቀንም ካለ እንዲሁ ቀይራችሁ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ አምስት ስድስት መስመር ማጠቃለያ ይኑር፤ ሠራተኛው ከዚያ በላይ የሚያነብበት ጊዜ ይኖረዋል ብላችሁ አትተማመኑ።

ክፍያውን መከፋፈልም ይረዳል። 240ውን በአንዴ ከማስከፈል በየአራት ክፍለ ጊዜው 80 ዶላር ብታስከፍሉ የስትራይፕ ተቆራጭ ከ7.26 ወደ 7.86 ከፍ ይላል፤ በ60 ሳንቲም በአንድ ጊዜ ለአደጋ የሚጋለጠው ገንዘብ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ጉዳቱ፣ ደንበኛው በሦስቱም ላይ ቅሬታ ካቀረበ 15ቱ ሦስት ጊዜ መከፈሉ ነው። ለዓመታት የሚታወቁ ቤተሰቦች ከሆኑ ከባንክ ወደ ባንክ በሚላክበት በዜል ቢከፍሉ ይሻላል፤ እዚያ ቻርጅባክ የለም።

ባንኩ ገና ቅሬታ ሳይከፈት የማጭበርበር ማስጠንቀቂያ ሲልክ ስትራይፕ ያሳውቃል። ክፍያው ትንሽ ከሆነና ሰውየውን ካላወቃችሁት ወዲያው ሙሉ ሪፈንድ አድርጉ፤ የተቆረጠው አይመለስም፣ 15ቱን ግን ከመክፈል ትድናላችሁ። ዲስፒውት ከተከፈተ በኋላ «በዜል ላክልኝና እተወዋለሁ» የሚል ደንበኛ ቢመጣ ግን አትላኩ፤ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላል። በእርግጥ ከተወው ባንኩ የሚሰጠውን ደብዳቤ ያምጣና እሱን ከማስረጃው ጋር አያይዛችሁ ላኩ፤ ደንበኛው ቅሬታውን ትቶታል ተብሎ ፎርሙ ሳይላክ ከቀረ ሽንፈት ነው።

በኢትዮጵያ የተመዘገበ ድርጅት የስትራይፕ አካውንት መክፈት ስለማይችል አንዳንዶች የአሜሪካ ዘመዳቸውን አካውንት ይጠቀማሉ። ሥራውን አዲስ አበባ ያለው ይሠራል፤ ዲስፒውት ሲመጣ ግን ገንዘቡ የሚነሳው ከዘመዱ ባንክ ነው፣ ማስረጃውም ከእሱ ይጠየቃል። የዲስፒውቱ ብዛትም በዘመዱ ስም ይቆጠራል። ስትራይፕ ከክፍያዎቹ ከ0.75 በመቶ በላይ ዲስፒውት ከተከፈተበት እንደ ብዙ ያየዋል፤ በወር 40 ክፍያ ላለው አንዱ ብቻ 2.5 በመቶ ነው።

ሳብስክሪፕሽን (በየወሩ በራሱ የሚቆረጥ ክፍያ) የምትሸጡ ከሆነ የቢሊንግ ሴቲንግ ውስጥ ዲስፒውት ሲከፈት ሳብስክሪፕሽኑ እንዲሰረዝ የሚያደርገውን አማራጭ ምረጡ። ካልተመረጠ ያው ካርድ በሚቀጥለው ወርም ሊቆረጥበት ይችላል፤ ያኔ ሁለተኛ ቅሬታ ከሁለተኛ 15 ዶላር ጋር ይመጣል። ኢሜይሉንና ካርዱንም ራዳር ውስጥ ካለው የታገዱ ዝርዝር ላይ አስገቡ።