ዋቱን ከመጠየቃችሁ በፊት ዴሲቤሉን እዩ

አምፕሊፋየር ሊገዛ የወጣ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ስፒከሩ ሳይታወቅ ግን ይሄ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። የስፒከሩን መግለጫ አውጡና ሴንሲቲቪቲ የሚለውን ፈልጉ። 84 ዴሲቤል፣ 92 ዴሲቤል ምናምን ይላል (ዴሲቤል የድምፅ ጩኸት መለኪያ ነው)። 1 ዋት ሲሰጠው 1 ሜትር ላይ ምን ያህል ይጮኻል ማለት ነው።

እስቲ ሁለቱን ጎን ለጎን እንያቸው። 84ቱ ትንሽዬ የመደርደሪያ ስፒከር ነው እንበል፣ 92ቱ ደግሞ መሬት ላይ የሚቆም ትልቅ። ከበሮው ሲመታ 1 ሜትር ላይ 102 ዴሲቤል እንዲደርስ ከፈለግን ትልቁ 10 ዋት ይበቃዋል። ትንሹ ወደ 63 ዋት ይጠይቃል! በየ3 ዴሲቤሉ የሚፈለገው ዋት እጥፍ ስለሚሆን ነው። ለዚህ ነው ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ከፍ ለማለት ብዙ ብር ማውጣት የማያዋጣው፤ የምታገኙት 3 ዴሲቤል ነው፣ ጆሮ ደግሞ «እጥፍ ጮኸ» የሚለው ወደ 10 ዴሲቤል ሲጨመርለት ነው።

ታዲያ ሁሉም ሰው 92ቱን ይግዛ? አይ። ትንሽ ሳጥን፣ ጥልቅ ባስ እና ከፍተኛ ሴንሲቲቪቲ ሦስቱም አንድ ላይ አይገኙም፣ አንዱን መተው ግድ ነው። ጠበብ ያለ ክፍል ውስጥ ቀረብ ብሎ ለሚያዳምጥ ሰው እኔ የምመርጥለት 84ቱን ከ60 እስከ 80 ዋት ካለው አምፕ ጋር ነው። ሳሎኑ ሰፊ ሆኖ ሶፋው 4 ሜትር ከራቀ ግን 92ቱ ይሻላል፣ ምክንያቱም ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ክፍት ቦታ ላይ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል (ቤት ውስጥ ግድግዳው ስለሚያግዝ ቅነሳው ከዚህ ትንሽ ያንሳል)። 8 ዋት ብቻ ያለው የቲዩብ አምፕ የወደደ ሰው ደግሞ 84ቱን ባያስበው ይሻለዋል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ አምራቾች የሚለኩት በ1 ዋት ሳይሆን በ2.83 ቮልት ነው። 8 ኦም ላይ (ኦም ስፒከሩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚገታ መለኪያ ነው) ያው 1 ዋት ነው፤ 4 ኦም ላይ ግን 2 ዋት ይሆናል። ስለዚህ በዚህ መንገድ ተለክቶ 89 የተባለ ባለ 4 ኦም ስፒከር በ1 ዋት ሂሳብ 86 ነው። አምፑም 4 ኦም የሚችል መሆኑን አረጋግጡ።

ዋቱ በዝቶ ስፒከሬን ያቃጥለዋል ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። ትንሽ አምፕም ከአቅሙ በላይ ሲጫን የድምፁን ሞገድ ጫፍ ይቆርጠዋል፣ ያኔ ትዊተሩ (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ሊቃጠል ይችላል። ድምፁ መሻከር ከጀመረ ቮልዩሙን ወዲያው ቀንሱ።