ሃዋይ «ፕራይቬት ቱር» ልትይዙ ካሰባችሁ፣ ቀብድ ከመላካችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ወላጆቻቸውን ከአገር ቤት አምጥተው ለሽርሽር ሊወስዱ ለሚያስቡ ሁሉ ነው። በተለይ ወደ ሃዋይ፣ ቢግ አይላንድ ወደምትባለው ደሴት። እኛ 1,400 ዶላር ከፍለን፣ ቀኑን ሙሉ የማናውቃቸውን ሰዎች የመርከብ ሰዓት ስንጠብቅ ውለን ተመለስን። ሌላ ሰው እንዳይደገምበት እፈልጋለሁ።

እናቴና አባቴ አምና ከአጋሮ ሲያትል መጥተው ሦስት ወር ከኛ ጋር ቆዩ። ባለቤቴ «እሳተ ገሞራ ያለባትን ደሴት እናሳያቸው» አለ። ከሲያትል በደሴቲቱ ምዕራብ በኩል እስካለችው ኮና ድረስ ቀጥታ በረራ አለ፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ሁለቱም በዕድሜ ገፍተዋል። ስለዚህ መኪና ተከራይተን መንገድ ስንፈልግ ከምንውል፣ የራሳችን አስጎብኚ ብንይዝ ይሻላል አልን። ሐሳቡ አሁንም ስህተት አይመስለኝም። ደሴቲቱ ትልቅ ናት። ሌሎቹ የሃዋይ ደሴቶች በሙሉ ቢደመሩ እሷን አያክሉም። ዙሪያዋ በዋናው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የትም ሳይቆሙ ቢነዱት እንኳ ስድስት ሰዓት ያህል ይወስዳል። አገሩን የሚያውቅ ሰው ቢነዳላችሁ ትልቅ ነገር ነው።

ያገኘነው ሰው በስልክ በጣም ደስ የሚል ነበር። መኪናው ለእናንተ ብቻ ነው አለን። 12 ሰዓት ሙሉ። ላቫ፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራው ቀልጦ የሚወጣውን ድንጋይ፣ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የኮና ቡና እርሻ፣ ጥቁር አሸዋ ያለበት ባሕር ዳርቻ፣ ማታ ደግሞ እሳቱ አፋፍ ላይ እራት። 700 ዶላር ቀብድ በዜል ላክን፤ በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ የሚላክበት መንገድ ነው። ቀሪውን 700 በጉዞው ጠዋት በክሬዲት ካርድ ከፈልን። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

በሐበሻ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ኮና ካለው ሆቴላችን ወሰደን። መኪናው ዘጠኝ ሰው የሚይዝ ቫን ነው። ለአራት ሰው ሰፊ ነው ብለን ደስ አለን። በሁለቱ ትልልቅ ተራሮች፣ በማውና ኬአ እና በማውና ሎአ መሀል በሚያልፈው መንገድ ቀጥታ ወደ ሂሎ ነዳን። ሂሎ የደሴቲቱ ምሥራቃዊ ከተማ ናት፤ ትልልቆቹ የመዝናኛ መርከቦች የሚቆሙት እዚያ ወደብ ነው። አስጎብኚው ወደቡ አጠገብ አቆመና «ጓደኞቼን ልቀበል» ብሎ ወረደ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ከዚያ አራት ሰዎች ይዞ መጣ። ከመርከቡ የወረዱ ቱሪስቶች ናቸው። እነሱም እንደኛ «ፕራይቬት» ተብለው ከፍለዋል። እርስ በርስ ተያየን፣ ሁላችንም ያው ነን።

ዋናው ጉዳት መኪናው መጣበቡ አልነበረም። እነዚያ ሰዎች ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ መርከባቸው ላይ መሆን አለባቸው። ስለዚህ የኛም ቀን የነሱ ሆነ። ማታ እሳቱ አፋፍ ላይ የሚባለው እራት ገና ጠዋት ቀርቷል ማለት ነው፣ የነገረን ግን የለም።

እሳተ ገሞራው ወዳለበት ብሔራዊ ፓርክ በር ስንደርስ ደግሞ አስጎብኚው ዞር አለና «ጠባቂዋ ከጠየቀቻችሁ ዘመዶቼ ናችሁ» አለን። እማዬ «ምን አለ?» አለችኝ። መተርጎም አፈርኩ። ስነግራቸው አባዬ «ልጄ፣ የሰው አገር ገብተን ዋሽተን?» አለኝና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እስክንመለስ ድረስ ብዙም አላወራም። ገንዘቡ ይመጣል ይሄዳል። ያ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል።

ለምን እንዲያ እንዳለን ያወቅሁት በኋላ ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ውስጥ ሰው እያስከፈለ የሚያስጎበኝ ሁሉ ከፓርኩ የንግድ ፍቃድ ማውጣት አለበት። ሃዋይ ውስጥ ደግሞ ሰው በክፍያ የሚያጓጉዝ መኪና ፓብሊክ ዩቲሊቲስ ኮሚሽን በሚባለው የግዛቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት መመዝገብ አለበት። የምዝገባው ቁጥር መኪናው ላይ በውጭ በኩል ይጻፋል፤ ፒ ዩ ሲ ከሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጋር። የኛ ቫን ላይ ምንም አልነበረም። የግል መኪና መስሎ በ30 ዶላር ነው የገባው። ይህ የወረቀት ጣጣ ብቻ አይደለም። የግል መኪና ኢንሹራንስ በአብዛኛው ከፍሎ የተሳፈረን ሰው አይሸፍንም። አደጋ ቢደርስ ኖሮ የሁለት ሽማግሌዎች የሆስፒታል ወጪ ማን ይከፍል ነበር? አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ ቤት ያስሸጣል።

ውስጥ ከገባን በኋላ መጀመሪያ ያቆመን እንፋሎትና የድኝ ጋዝ ከመሬት የሚወጣበት ቦታ ነው። አባዬ አስም አለበት፤ ስንይዝ በጽሑፍ ነግረነዋል። ፓርኩ ራሱ የልብና የመተንፈሻ ችግር ያለባቸው፣ እርጉዞችና ሕፃናት ወደዚያ የድኝ ቦታ እንዳይጠጉ ያስጠነቅቃል። ሰውየው ትንፍሽ አላለም። አባዬ ሲያስለው ነው ምልክቱን ያየነው። ቶሎ አውጥተን መኪና ውስጥ አስቀመጥነው። እማዬ ጋቢዋን ደረበችለት። በነገራችን ላይ ጋቢ ያዙ። ከታች ባሕሩ ዳር ሙቀት ነው፣ የእሳተ ገሞራው የኪላውያ አናት ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ስለሆነ ነፋሱና ዝናቡ ይበርዳል።

ከዚያ ትልቁ ገደል አፋፍ ላይ ሃያ ደቂቃ ሰጠን። ላቫ የለም። እንፋሎት ብቻ። «ትናንት ነበር፣ ዕድላችሁ ነው» አለን።

ስለዚህ ነገር ረዘም አድርጌ ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነውና። ኪላውያ ከዓለም በጣም ንቁ እሳተ ገሞራዎች አንዱ ነው። በ2018 ላቫው ከተራራው ምሥራቃዊ ጎን ፈንድቶ ከ700 በላይ ቤቶችን በላ። ከዲሴምበር 23 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ አናቱ ላይ፣ ሃሌማኡማኡ በሚባለው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ፍንዳታ ጀመረ። ይህኛው ግን ያለማቋረጥ የሚፈስ አልነበረም። እየተነሳ የሚተኛ ነው። ሲነሳ ላቫው እንደ ፏፏቴ ወደ ላይ ይተፋል፤ አንዳንዴ ከ300 ሜትር በላይ ወጥቷል። ብዙ ጊዜ ግን አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ይቆማል። ከዚያ ለቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንት በላይ ዝም ይላል። ሳይንቲስቶቹ እንኳ «በነዚህና በነዚህ ቀናት መሀል ሊነሳ ይችላል» ነው የሚሉት። ታዲያ ከሁለት ወር በፊት ቀብድ ሲቀበል «ላቫ ታያላችሁ» የሚል ሰው ምን አውቆ ነው? ሐቀኛ አስጎብኚ «ከተነሳ እወስዳችኋለሁ፣ ካልተነሳ ይህንና ያንን አሳያችኋለሁ» ይላል። ላቫ ቃል የሚገባላችሁን ሰው ስልክ ዝጉበት።

ደግሞ ይህን ለማወቅ ማንም ሰው አያስፈልጋችሁም። ከ1912 ጀምሮ ደሴቲቱ ላይ የሚሠራ የእሳተ ገሞራ ጥናት ጣቢያ አለ፤ በአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ሥር ነው። ስለ ኪላውያ በየቀኑ መግለጫ ያወጣል፤ ካሜራዎቹንም በዩቲዩብ በቀጥታ ያሳያል። እኛ በሄድንበት ዕለት ጠዋት ያንን አይተን ቢሆን ኖሮ ፍንዳታው እንደቆመ እናውቅ ነበር። ቁልቁል እስከ ባሕሩ በሚወርደው መንገድ እንሄድ ነበር። ያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በድሮ ላቫ ሜዳ መሀል ያልፋል፣ መጨረሻው ላይ ባሕሩ የቦረቦረው ትልቅ የድንጋይ ቅስት አለ። ላቫ ፈስሶ የሠራው ዋሻም አለ፤ መብራት ገብቶለት ሰው በእግሩ የሚያልፍበት። ሁለቱንም «ሰዓት የለም» ተብለን አለፍናቸው። ጥቁሩን አሸዋ ፑናሉኡንም እንዲሁ። እማዬ ባሕር ኤሊ ለማየት ቋምጣ ነበር።

ለኤሊና ለአሸዋ ሰዓት ያጣ ሰው ለሱቅ ግን ሰዓት ነበረው። እንግዶቹን ሂሎ አድርሰን ወደ ኮና ስንመለስ «የቡና እርሻ» ብሎ ያቆመን መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ነው። ግቢው ውስጥ ስድስት ወይም ሰባት የቡና ዛፍ ተተክሏል። አርባ አምስት ደቂቃ እዚያ አቆየን። ባለሱቁ ሲያቀብለው ያየሁትን አይቻለሁ።

እማዬ ቡና ስትለቅም፣ ስታደርቅ፣ ስትወቅጥ ያደገች ሴት ናት። ከረጢቱን ከፍታ አሸተተችና «ይሄ የተቃጠለ ነው እንጂ የተቆላ አይደለም» አለች። ከዚያ «የዚህ አገር ቡና ብቻ ነው?» ብላ አስጠየቀችኝ። ጽሑፉን ገልብጬ አየሁት። በትልቁ «ኮና» ይላል፣ ከሥር በትንሹ «10 ፐርሰንት» ይላል። ቀሪው 90 ፐርሰንት ከየት እንደመጣ አልተጻፈም። ይህ በሃዋይ ሕግ የተፈቀደ ነበር፤ ቅልቅል ቡና ቢያንስ 10 ፐርሰንት ኮና ካለበት በስሙ መሸጥ ይቻላል። ገበሬዎቹ ለዓመታት ታግለው አዲስ ሕግ አስወጥተዋል፤ ከጁላይ 2027 ጀምሮ ትንሹ መጠን 51 ፐርሰንት ይሆናል። በ2019 ደግሞ እዚሁ ሲያትል ፌደራል ፍርድ ቤት፣ የኮና ያልሆነ ቡና በኮና ስም ይሸጣሉ ያሏቸውን ነጋዴዎች ከሰው፣ በኋላ በእርቅ ከ41 ሚሊዮን ዶላር በላይ አግኝተዋል። እኔ ለነዚያ ገበሬዎች አዘንኩ። ሲዳማና ይርጋጨፌ በሰው ስም ሲሸጥ ምን እንደሚሰማን እናውቃለን። የነሱም ቡና ዐረቢካ ነው፤ ዘሩ ወደኋላ ቢቆጠር የሚደርሰው ከኛው ጫካ ነው። ስትገዙ «100 ፐርሰንት ኮና» የሚለውን ፈልጉ። ርካሽ አይደለም፣ አንድ ፓውንድ 40 ዶላርና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። በርካሽ ካገኛችሁ ጀርባውን አንብቡ።

አሁን ወደ ቀብዱ። ከመክፈላችሁ በፊት የምዝገባ ቁጥሩንና የፓርኩን ፍቃድ በጽሑፍ ጠይቁ። ያለው ሰው ወዲያው ይልካል፤ የሌለው ይቆጣል ወይም ወሬ ያስቀይራል። «ፕራይቬት» ሲላችሁ «ከኛ ሌላ ማንም ሰው መኪናው ውስጥ አይገባም ማለት ነው?» ብላችሁ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። እኛ ያልጠየቅነው ይህንኑ ነው። የምትቆሙባቸው ቦታዎችና በየቦታው የሚኖራችሁ ሰዓት ይጻፍ። ሱቅ ካለ የቱ ሱቅ እንደሆነ ይጻፍ። በሽታ ያለበት ሰው ካላችሁ ለዚያ ምን እንደሚያደርግ ይንገራችሁ። ከሁሉ በላይ ግን በዜል አትክፈሉ። በክሬዲት ካርድ ብቻ።

ራሳችሁ መንዳት ከቻላችሁ ደግሞ አትፍሩ። መንገዱ ጥሩ ነው። የፓርኩ መግቢያ ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው፣ ሰባት ቀን ያገለግላል፤ በሩም 24 ሰዓት ክፍት ነው። ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ ካርድ ያዙ። ከኮና ወዲያና ወዲህ በአንድ ቀን ከማለቅ ሂሎ ወይም ቮልካኖ በሚባለው መንደር አንድ ሌሊት እደሩ። እኛ በማግሥቱ እንዲያ አደረግን። መኪና ተከራየን፣ ፑናሉኡ ሄድን። ሁለት ኤሊዎች ጥቁሩ አሸዋ ላይ ተኝተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሦስት ሜትር ያህል ርቀን ቆምን፤ መጠጋትም መንካትም ክልክል ነው ተብሏል። እማዬ ረጅም ሰዓት ቆማ አየቻቸው። አባዬም የሳቀው ያን ቀን ነው።

ሲያትል ስንመለስ ባንካችን ጋ ደወልን። በካርድ የከፈልነውን 700 ዶላር ተከራከርንበት፤ ለዚህ የሒሳብ መግለጫው ከተላከ በኋላ 60 ቀን አላችሁ። «ለእናንተ ብቻ» የሚለውን መልእክቱንና ስምንታችን ቫኑ ውስጥ የተነሳነውን ፎቶ ላክንላቸው። በአምስተኛው ሳምንት ብሩ ተመለሰ። የዜሉን 700 ግን ባንኩ «ራሳችሁ ናችሁ የላካችሁት» አለን። ለሃዋይ የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ አቤቱታ አስገብተናል። ሰውየው ስልክ አያነሳም።