የሮን ፖል ብሊምፕ፦ ለምርጫ ማስታወቂያ ያዋጣል?

ከ5 ኮከብ 2 ነው የምሰጠው። እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ላይ ለሪፐብሊካን ፓርቲ የፕሬዝዳንት እጩነት ይወዳደር የነበረው የአሜሪካዊው ፖለቲከኛ የሮን ፖል ደጋፊዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ብሊምፕ የሚባለውን በጋዝ የሚንሳፈፍ ትልቅ የአየር መርከብ ተከራይተው ኖርዝ ካሮላይና ላይ አስነሱት፣ ጎኑ ላይ ሮን ፖል ማነው ጎግል አርጉት የሚል ተጽፎበት። ሀሳቡን በጣም ነው የወደድኩት፣ ምክንያቱም ያሰበው የካምፔይን ቢሮ ሳይሆን ተራ ሰው ነው፣ ሚዲያውም ዞር ብሎ የማያየውን ሰውዬ ስም በነጻ አወራለት። ግን ወገን፣ ሰማይ ላይ ስም ያነበበ ሁሉ ሄዶ አይመርጥም፣ የሚመርጠው በሩን አንኳኩተህ ቁጭ ብለህ ያናገርከው ነው! ጃንዋሪ 2008 የፓርቲው እጩ ምርጫ በተጀመረባት አይዋ ግዛት ላይ 10 በመቶ አካባቢ ድምጽ አግኝቶ 5ኛ ወጣ፣ ከዛ በኋላም አንድም ፕራይመሪ (በየግዛቱ የፓርቲ እጩ የሚመረጥበት ምርጫ) አላሸነፈም። እነዚሁ ደጋፊዎች ግን ዲሴምበር 16ን፣ የቦስተን የሻይ አመጽ (የእንግሊዝን ቀረጥ ተቃውመው ሻይ ባህር ላይ የጣሉበት) የተነሳበትን ቀን መርጠው ኢንተርኔት ላይ በአንድ ቀን ብቻ 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሰብስበዋል፣ እሱን ሙሉ 5 ኮከብ ነው የምሰጠው፣ በእውነት ጀግኖች ናቸው። የብሊምፑ ኪራይ አይዋ ውስጥ ቤት ለቤት ለሚዞሩት ልጆች ቤንዚን ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስካሁን ይቆጨኛል።